ያልነበሩት በሬዎች

ዳንግላ ከገበያው ወደ ታች፣ ጋሪ ነጂዎች ፈረስ ከሚያጠጡበት ምንጭ ባሻገር አንድ መንደር አለ። መንገዱን የማያውቅ እንግዳ እንኳ በአፍንጫው ይደርስበታል፤ የተዘፈዘፈ ቆዳ ይሸታል። ስሙን ግን ማንም እንደፈለገ ነው የሚጠራው። የቀበሌው ሰው «ቀጠና አራት» ይለዋል፣ ኮርቻ ፈላጊው «እነ ቢሻው ሰፈር» ይለዋል፣ የተናደደ ሁሉ ደግሞ «ፋቂ ሰፈር» ይለዋል። ማናየሽ እዚያ ሃምሳ ዓመት ኖራለች። ፋቂ ብሏት ሳይሰደብ የሄደ ሰው የለም።

ባሏ ቢሻው ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። በአገው ምድር ፈረስ የሚጋልብ ሁሉ የቢሻውን ኮርቻ ያውቅ ነበር። በፈረሰኞች በዓል ቀን እንጅባራ ሜዳ ላይ ጌጠኛ ግላሱ እያብረቀረቀ ከሚያልፈው ፈረስ ግማሹ የቢሻውን እጅ ሥራ ተጭኖ ነበር የሚያልፈው። ያ ሁሉ ጀግና ፈረሰኛ ግን ኮርቻውን ሊወስድ ሲመጣ ቤት ገብቶ ውሃ አይጠጣም። ደጅ ይቆማል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ማናየሽ ይህን እያየች አረጀች። እያየችም «እመት ማናየሽ» ካላሏት አቤት የማትል ሴት ሆነች። እመትነቱን የሰጣት የለም፤ ራሷ ወሰደችው፣ ሰዉም ቆይቶ ለመደው።

አንድ ልጅ አለቻት፣ ቤዛዊት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከአባቷ ጉልበት ሥር ወስፌ ይዛ አደገች፣ ተማረች፣ ተፈትና አለፈች፣ አሁን በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የቆዳ ሥራ አሠልጣኝ ናት። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጋዋኗን በክንዷ አንጠልጥላ ስትወጣ ማናየሽ ከበሩ ላይ ቆማ ታያታለች። ልጅሽ ምን ትሠራለች ያላት እንደሆነ «የቆዳ ቴክኖሎጂ አሠልጣኝ» ትላለች፣ ቴክኖሎጂ የምትለውን አፏን ሞልታ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህን ቃል ግን ከዳዊት ደጋሚ እኩል በቃሏ ይዛዋለች። ቃሉ ውስጥ ፋቂ የሚባል ነገር የለማ! ኮሌጁ ውስጥ ያለ ሰው ልጇ ከማን እንደተወለደች አያውቅም ብላ ታምናለች። ቤዛዊትን ግን አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም።

በጥቅምት አንድ ማለዳ ሁለት ባጃጅ መንደሩ መግቢያ ላይ ቆመ። ስለ ሙያ ትምህርት እያጠና መንግሥትን የሚመክር አንድ የምርምር ተቋም የላካቸው ልጆች ናቸው። ማናየሽ የባጃጁን ድምፅ ስትሰማ ከጓሮ ቆዳው የተዘፈዘፈበትን በርሜል በሰሌን ሸፈነች፣ መፋቂያውን ወደ ጎተራው ሥር ወረወረች፣ እጇን ታጠበችና ነጠላዋን አጣፍታ ደጅ ላይ ተቀመጠች።

ወደ እሷ የመጣው ቀጭን፣ ፊቱ የሚያሳዝን ልጅ ነበር። በእጁ ታብሌት ይዟል።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ?»

«እመት በለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይቅርታ፣ እመት… ወንድማገኝ እባላለሁ። ለሙያ ሥልጠና ፖሊሲ የሚሆን ጥናት እያካሄድን ነው። ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎት?»

«ኮሌጁንስ ትጠይቃላችሁ?»

«አዎ። ሰዉ በምን ሥራ እንደሚኖር እናያለን፣ ኮሌጁ ምን እንደሚያስተምር እናያለን፣ ከዚያ ውጤቱን ለኮሌጁም ለመንግሥትም እንሰጣለን።»

ማናየሽ የሰማችው «ለኮሌጁም» የምትለዋን ብቻ ነው። የእሷ ስም ከነሥራው ተጽፎ ኮሌጅ ሊገባ ነው! ቤዛዊት በነጭ ጋዋን በቆመችበት፣ አንዱ ወረቀቱን ገልጦ «ለካ የፋቂ ልጅ ናት» ሊል ነው!

«ጠይቅ» አለች።

«የቤተሰቡ ዋና መተዳደሪያ ምንድን ነው?»

«እርሻ።»

«በሬ አለዎት?»

«ሁለት አለኝ። አንድ ላምም አለች።»

ልጁ ግቢውን ዞር ብሎ አየ። ግቢው ከዶሮ በቀር የእንስሳ ዘር የለውም።

«እዚህ አይታዩኝም…»

«በሬ ሳሎን ይቀመጣል እንዴ? ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ወንድሜ ዘንድ ናቸው። አንዱ ቦራ ነው፣ አንዱ ዳለቻ። ቦራው ተዋጊ ስለሆነ እዚህ አላመጣውም፤ የከተማ ልጅ ይወጋብኛል።»

ልጁ ሳቅ አለና ጻፈ። «ከቤተሰቡ የእጅ ሥራ የሚሠራ አለ? ሸክላ፣ ሽመና፣ ቆዳ…»

«እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

በዚያ ሰዓት ነፋስ ከጓሮ መጣ። ልጁ አፍንጫውን ነካ አደረገ፣ ወደ ሰሌኑ አየ፣ ማናየሽን አየ። እሷም ዓይኗን ሳትሰብር አየችው። እሱ አቀርቅሮ ስክሪኑን በጣቱ ነካ።

«አመሰግናለሁ፣ እመት ማናየሽ» ብሎ ተነሳ።

ገና ከበሩ ሳይወጣ ማናየሽ በጓሮ በኩል አጥሩን ጥሳ ወጣች። በሰባ ሁለት ዓመቷ እንደ ፍየል ዘለለች ብል አልዋሸሁም። ሌሎቹ ልጆች ገና መንደሩ መግቢያ ላይ ቤት ሲከፋፈሉ፣ ከቤት ቤት እየዞረች «ገበሬ ነኝ በሉ! ልጄን እንዳታዋርዱብኝ!» አለች። መንደሩ ይፈራታል፤ ይወዳታልም ልበል። አዝመራው የሚባለው የጋሪ ፈረስ እቃ ሠሪ ብቻ ጠፍሩን በጥርሱ እንደያዘ ተከራከራት።

«እመት፣ እኔ እኮ የመቃብር ቦታ እንኳ የለኝም። ምኑን ነው የማርሰው?»

«ዛሬ አለህ። ሁለት ጥማድ ሰጥቼሃለሁ።»

«ካልቀረ ሦስት ያድርጉልኝ።»

«ስግብግብ! በል ያንን ጠፍር ደብቀው።»

ሠላሳ ስምንት ቤት ነው። ሠላሳ ስምንቱም ገበሬ ነኝ አለ። የሚያርስበት ዳገት ቢፈለግ ከዳንግላ እስከ ግምጃ ቤት ከተማ አይገኝም፤ ታብሌቱ ላይ ግን አለ። ያን ቀን ማታ ማናየሽ ልጇን ከጥፋት ያዳነች መስሏት ደስ ብሏት ተኛች። ለቤዛዊት አልነገረቻትም። ምን ብላ ትነግራታለች?

መጋቢት ላይ ቤዛዊት በቀትር ቤት መጣች። በቀትር መጥታ አታውቅም። ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም፤ መደቡ ላይ ቁጭ አለችና ግድግዳውን አየች።

«አመመሽ?» አለች ማናየሽ።

«ሊዘጉት ነው፣ እማዬ።»

«ምኑን?»

«ዲፓርትመንቱን። የጥናቱ ረቂቅ መጣ። የቆዳ ሥራ በአካባቢው ሠሪም ፈላጊም የለውም፣ ይታጠፍ ይላል። በምትኩ የሞተር ሳይክል ጥገና ይከፈት ይላል።»

«ማን ነው እንዲህ ያለ?»

«ተቋሙ ነዋ። ጠይቀን ነው ይላሉ። እኛን ሰፈር ሳይቀር ጠይቀዋል፣ እማዬ! ሠላሳ ስምንት ቤት ተጠየቀ፣ በቆዳ የሚተዳደር ዜሮ ይላል። ዜሮ! ሁሉም ገበሬ። የአዝመራው በሬ የት ነው የሚታሰረው? አልጋው ሥር ነው?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው እንባ ሆነ። «ዘንድሮ እኮ ከዘንገና አካባቢ አራት የገበሬ ልጆች ተመዝግበውልኛል። የገበሬ ልጆች፣ እማዬ! ቆዳ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይሰፋሉ። እኔ ከጠጣሁበት ጣሳ ይጠጣሉ። አባዬ ይህን ሳያይ ሞተ እያልኩ ነበር የማዝነው። አሁንስ እንኳንም አላየ እላለሁ።»

ስትሰድብ የኖረች ሴት ራሷን የምትሰድብበት ቃል አጣች። «ውሃ ላምጣልሽ» ብላ ወጣች፣ ጓሮ ሄዳ በርሜሉን ተደግፋ ቆመች፣ ውሃውንም ረሳችው።

ረቂቁ በዞኑ ከተማ በእንጅባራ ለውይይት ሊቀርብ አራት ቀን ቀርቶታል። ማናየሽ ማልዳ አዝመራው ዘንድ ሄደች። ከአሮጌ ኮርቻ ላይ ምስማር እየነቀለ ነበር።

«አዝመራው፣ እንጅባራ እንሂድ። ቀበሌው አንተን ተወካይ አድርጎሃል አሉ። እውነቱን ተናገር፣ እኔም እናገራለሁ።»

አዝመራው ምስማሩን አስቀመጠ። «የትኛውን እውነት፣ እመት?»

«ስንት እውነት አለ?»

«አሁን ሁለት አለ። ልጄን ፋናን የግምጃ ቤት ከተማ ሰዎች ለልጃቸው ጠይቀዋታል። ባለመሬት ናቸው። ሽማግሌዎቹ ዘሬን ሊያጣሩ ቀበሌ ሄዱ፤ የቀበሌው ሰው ያንን የጥናት ዝርዝር ገልጦ አዝመራው ገበሬ ነው አለ። ተመልሰው እጄን ጨብጠው ውሃ ጠጡልኝ፣ እመት። እቤቴ ገብተው፣ ከእኔ ብርጭቆ። ሰርጉ ከፋሲካ ማግሥት ነው።»

«ውሸት እኮ ነው!»

«ማን አስተማረኝ?» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ልጅዎን አስበው ነበር ያኔ። እኔም ልጄን አስቤ ነው አሁን።»

ማናየሽ ትታው ወጣች። ከመንደሩ ሌላ ሦስት ቤት አንኳኳች። አንዷ ሴት ሥራ በዛብኝ አለች፣ አንዱ አሞኛል አለ፣ አንዱ በአውንጊ ቋንቋ ከሚስቱ ጋር ሲንሾካሾክ ቆይቶ የለም አስባለ። አውንጊ እንደምታውቅ ረስቶ ነው እንጂ፣ «ያች ቁጡ እኛን ልታስበላ ነው» ሲል ጆሮዋ ገብቷል። በሌላ ቀን ቢሆን በሩን ትሰብርበት ነበር።

ብቻዋን በሚኒባስ ሄደች። እንጅባራ በጭጋግ ታፍናለች፤ ብርዱ አጥንት ይበላል። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተደርድሯል፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል እየበራ ይጠፋል። ቤዛዊት ከኮሌጁ ሰዎች ጋር ከፊት ተቀምጣ እናቷን ስታይ ደነገጠች። አዝመራውም አለ፣ አዲስ ጋቢ ለብሶ። ምሥራቅ የምትባል የጥናቱ መሪ፣ ረጋ ያለች ሴት፣ ስለ ናሙና፣ ስለ ግኝት፣ ስለ ምክረ ሐሳብ ተናገረች። ማናየሽ ሌላው አልገባትም፤ የቆዳ ሥራ ሲባል ግን ግድግዳው ላይ እንደ እንቁላል ድፍን ያለች ምልክት አየች። ዜሮ ይህች ናት አለች በልቧ። እኔ ነኝ የጣልኳት።

አስተያየት ያለው ሲባል ተነሳች። እጅ አላወጣችም።

«ማናየሽ እባላለሁ፣ ከዳንግላ። ፋቂ ነኝ።»

ቃሉን ስለ ራሷ ብላው አታውቅም።

«ባሌ ፋቂ ነበር፣ አባቴም ፋቂ ነበር። በሬ የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅ። ይህንን ልጅ» ከኋላ ወደተቀመጠው ወደ ወንድማገኝ አመለከተች፣ «ዋሸሁት። ሰፈሩንም ያስዋሸሁት እኔ ነኝ። ለምን ብትሉኝ፣ ስማችንን ስለማትወዱት ነው። ስማችንን ትጠላላችሁ፣ ኮርቻችን ላይ ግን ትቀመጣላችሁ። ሠላሳ ስምንቱም ቤት የሚበላው ከቆዳ ነው። ያንን ዲፓርትመንት አትዝጉት።»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እናታችን፣ እናመሰግናለን። ከዚያው መንደር ሌላ ተወካይ አሉ መሰለኝ። አቶ አዝመራው?»

አዝመራው ተነሳ። ማናየሽን አላያትም፤ የጋቢውን ጥለት ያይ ነበር።

«እኔ እንኳ ገበሬ ነኝ» አለ። «ሌላውን እንጃ። እመት ማናየሽ የተከበሩ ናቸው… ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሐሳብ ይበዛባቸዋል።»

ጨዋ ሰው ነው። አበደች አላለም።

ያኔ ቤዛዊት ተነሳች። «እናቴ ናት። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። መጥታችሁ እዩ፤ መንገድ አሳያችኋለሁ።»

ሰብሳቢው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት። «አንቺ የዚሁ ዲፓርትመንት አሠልጣኝ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

ከኋላ አንዱ «እንጀራዋን ለማዳን እናቷን አመጣች» አለ፣ ሳቅም ተሰማ። ሰብሳቢው የግል ጥቅም ያለበትን አስተያየት ከጥናት እኩል ማየት እንደማይቻል በትሕትና አስረዳ። የጥናቱ መሪ የወይዘሮዋ ንግግር በቃለ ጉባኤ ይያዝ አለች፣ ጸሐፊው አንድ መስመር ጻፈ፣ ወደ ሞተር ሳይክሉ ተሸጋገሩ።

ሻይ ሲባል ማናየሽ ደጅ ወጣች። ዝናብ ይንጠባጠባል። ወንድማገኝ ተከትሏት ወጣ።

«እመት ማናየሽ…»

«ምን ቀረህ?»

«ያን ቀን ሸቶኝ ነበር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቆዳው ሸቶኝ ነበር። ሰሌኑንም አይቻለሁ።»

ማናየሽ ዞራ አየችው። «ታዲያ አፍንጫህን ለምን አልጻፍከውም?»

«የምንጽፈው ሰዉ የነገረንን ነው። ደንቡ እንደዚያ ነው። ከራሳችን ከጨመርን ጥናት መሆኑ ይቀራል ይሉናል። ሠላሳ ስምንቱም ቤት አንድ ዓይነት ሲሆን ግን ደንግጬ ለአለቆቼ ነገርኩ። ደግመን እንሂድ አልኩ። ጊዜው አልፏል አሉኝ።»

«እኔ ስዋሽህ አውቀሃል ማለት ነው።»

«አውቄያለሁ። እርስዎን ማሳፈር ከበደኝ።»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ከዚያ ፊቱን አየች፤ በጥቅምት የነበረው ያው የሚያሳዝን ፊት ነው። እሱ በአክብሮት ጠየቀ፣ እሷ በኩራት መለሰች። ሁለቱም እንደ ጨዋ ሰው ነበር ያደረጉት፣ እና ይኸው ነው የወጣው።

«ግባ ልጄ» አለችው። «ይበርድሃል።»

ሲመለሱ እናትና ልጅ ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። መስኮቱ በትንፋሽ ተሸፍኗል፤ ውጭ የሚታይ ነገር የለም።

«ለእኔ ብለሽ ነው?» አለች ቤዛዊት።

«ለማን ብዬ ይሆናል ሌላ? እዚያ ያሉ ሰዎች የማን ልጅ እንደሆንሽ እንዳያውቁ ብዬ ነዋ። ነጭ ለብሰሽ ቆመሽ፣ ፋቂ እንዳይሉሽ።»

ቤዛዊት ዓይኗን ጨፈነች። «በየዓመቱ፣ በመጀመሪያው ቀን» አለች፣ «ሠልጣኞቹ ፊት ቆሜ ስሜን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ፣ አባቴ ፋቂ ቢሻው ነው፣ ይህን ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ እናቴም ፋቂ ናት፣ ቆዳ በማለስለስ ከእሷ የሚበልጥ የለም እላቸዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ብያለሁ። ኮሌጁ ውስጥ የማያውቅ ዘበኛ እንኳ የለም።»

ማናየሽ የፊቷን ወንበር ብረት ጨበጠች። «ምን አሉሽ?»

«መጀመሪያው ዓመት ሳቁ። በሁለተኛው ሁለት ልጆች ጥለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።»

«አልነገርሽኝም!»

«አልጠየቅሽኝም፣ እማዬ።»

ዳንግላ ሲደርሱ ሰዉ ሁሉ ወርዶ ማናየሽ መነሳት አቃታት። ረዳቱ «እናት፣ መጨረሻ ነው» አላት። ቤዛዊት በብብቷ ገብታ አወረደቻት።

ዲፓርትመንቱ በሰኔ ተዘጋ። መስፊያ ማሽኖቹ ቁጥር ተጽፎባቸው መጋዘን ገቡ። አራቱ የገበሬ ልጆች የሞተር ሳይክሉን እንጃ ብለው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቤዛዊት ከሥራ አልወጣችም፤ መዝገብ ክፍል መስኮት ላይ አስቀመጧት፣ የተመዝጋቢ ስም ትጽፋለች። ፋና ተዳረች። ማናየሽ ሰርጉ ላይ አልተጠራችም፤ ብትጠራ አፏን ማን ያምነዋል? አዝመራው አሁን ቆዳውን የሚፍቀው በሩን ዘግቶ ነው። ወጣቶቹም አንድ ሁለት እያሉ ሥራውን ትተው ለቀን ሥራ ወጥተዋል። ተቋሙ በሌላ ዓመት ተመልሶ ቢጠይቅ፣ ያ ዜሮ ያኔ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ቤዛዊት ማታ ማታ ከሥራ ትመጣለች፣ እራቷን ትበላለች፣ እናቷን ደህና ዋልሽ ትላለች፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ ትላለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ማናየሽ ከምድጃው ማዶ ተቀምጣ አፏን አፏን ታያታለች። አንድ ክፉ ቃል ትጠብቃለች፤ አንድ ብቻ፣ መልሳ የምትናገርበት፣ ተሰዳድበው የሚለያዩበት፣ ነገ ደግሞ የሚታረቁበት። ልጅቷ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ትሄዳለች።